ኤምቢኤ በሥራ መጀመሪያ፦ የአሰላ ወጣቶች ለምን ይቸኩላሉ?

አሰላ ውስጥ ሥራ ከያዘ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ትዳር ሳትይዝ፣ ልጅ ሳይመጣ ማስተርስህን ጨርስ።» አባቱ ይሉታል፣ አለቃው ይለዋል፣ ቀድማው የተመረቀች የሥራ ባልደረባው ትለዋለች። ከማስተርሶቹ ሁሉ ቀድሞ የሚጠራው ደግሞ ኤምቢኤ ነው። የባዮሎጂ መምህሩም፣ የእርሻ ባለሙያውም፣ የባንክ ገንዘብ ከፋይዋም ሊገቡበት ይችላሉ፤ በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር ስለሚሰጥም ደመወዝ አያስቀርም። ጥያቄው ግን ሳይቋጭ ዓመታት ቆጥሯል። ገና ማንንም መርቶ የማያውቅ ሰው ሥራ አመራርን በድኅረ ምረቃ መማሩ ይበጀዋል ወይ?

ለጥድፊያው ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንዳንዱ «ክፍያ እስካለ ድረስ ያገኙትን ይቀበላሉ» እያለ ኮሌጆቹን ይወቅሳል። ሌላው «ወረቀት ወዳድ ሆነ» እያለ ወጣቱን ይወቅሳል። ሁለቱም ጥቂት እውነት አላቸው። አርሲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአዳማው ዩኒቨርሲቲ ተለይቶ ራሱን ከቻለ ወዲህ ከፍተኛ ትምህርት ለአሰላ ሰው ቀርቧል፤ የግል ኮሌጆችም ተጨምረዋል። ይህ ግን በሩ መቅረቡን ቢነግረን እንጂ ሰዉ ለምን እንደሚገባበት አይነግረንም። ከጀማሪ ደመወዝ ላይ ለትምህርት ክፍያ እየቀነሰ ሁለት ዓመት ሙሉ የዕረፍት ቀኑን የሚሰጥ ሰው ለጌጥ ብሎ አያደርገውም። አስልቶ ነው።

ስሌቱ ደግሞ የተጻፈው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። የደረጃ ዕድገት ወይም የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ለአንድ የኃላፊነት ቦታ ለምሳሌ የመጀመሪያ ዲግሪና ስድስት ዓመት ልምድ፣ ወይም ማስተርስና አራት ዓመት ልምድ ይጠየቃል። ቁጥሩ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይለያያል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው፤ ማስተርስ የሥራ ዘመን ምትክ ሆኖ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ያስፈልጋል። ሥራ በጀመረ ማግስት ቅዳሜና እሁድ መማር የጀመረ ሰው፣ ሲማር የቆየባቸው ሁለት ዓመታት በሥራ ልምድነትም ይያዙለታል። አራት ዓመት ሲሞላው ለቦታው ይወዳደራል። «መጀመሪያ ሥራውን ልወቀው፣ ሰው ልምራና ከዚያ እማራለሁ» ያለው ጓደኛው ግን ትምህርቱን አራት ዓመት ከሠራ በኋላ ከጀመረ፣ ስድስት ዓመት ሲሞላው ያለ ማስተርስም መወዳደር ይችላል፤ ለዚህ ቦታ ትምህርቱ አንድ ቀን እንኳ አያሳጥርለትም። የቅጥር መሥፈርቱ ለኤምቢኤ ዋጋ የሚሰጠው ገና በማለዳው ለተማረ ሰው ብቻ ነው። ትምህርቱ ይበልጥ የሚገባው ቆይቶ የመጣው ሰው ነው፤ የሚሸለመው ግን የቸኮለው ነው። ስለዚህ ችኩልነቱን ከወጣቱ ጠባይ ላይ መፈለግ ፍትሐዊ አይመስለኝም። መሥፈርቱን የጻፈው እሱ አይደለም።

ይህ ጥቅም ደግሞ የሚቆየው ጥቂቶች ሲጠቀሙበት ነው። ለአንድ ቦታ የሚያመለክቱት አብዛኞቹ ማስተርስ ሲኖራቸው ብልጫው ይጠፋል። ያኔ ለዓመታት የሠሩትም ወደኋላ እንዳይቀሩ ይመዘገባሉ። ወረፋው አላጠረም፤ የተጨመረው ወረፋ ለመያዝ የሚከፈለው ገንዘብ ነው።

ሌላው ዓለም ኤምቢኤ መቼ ይማሩ ለሚለው ጥያቄ የተለያየ መልስ ሰጥቷል። ሃርቫርድን የመሰሉ ትምህርት ቤቶች ከሚቀበሏቸው ተማሪዎች አብዛኞቹ ጥቂት ዓመታት የሠሩ ናቸው፤ ክፍሉ የሚካሄደው በአንድ ድርጅት እውነተኛ ችግር ላይ በመከራከር ስለሆነ ከራሱ ሥራ የሚያመጣው የሌለው ተማሪ ለክርክሩ የሚጨምረው ትንሽ ነው። በአገራችንም ስማቸው ከኤምቢኤ ጋር ከተነሣ ቀደምት ሰዎች አንዱ መለስ ዜናዊ ናቸው። ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲመረቁ የተማሩት በርቀት፣ አገር እየመሩ ነበር። በሌላ በኩል ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቋቋሙት የህንድ የማኔጅመንት ተቋማት ሥራ ያልጀመሩ ብዙ ወጣቶችን ይቀበላሉ፤ ተመራቂዎቻቸውም ተፈላጊ ናቸው። ስለዚህ በልጅነት መማር በራሱ ጥፋት ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን እዚያ ተማሪው በሁለቱ ዓመታት መካከል ድርጅት ገብቶ ይለማመዳል፣ ቀጣሪዎችም ግቢው ድረስ መጥተው ይመርጣሉ። እኛ ዘንድ የቅዳሜና እሁድ ተማሪ «ሥራ ላይ ነው» ተብሎ ልምምዱ ይታለፋል። ሥራው ግን ደረሰኝ መቁረጥ ወይም ፋይል ማደራጀት ሊሆን ይችላል።

የሚያስቆጨው፣ ማስተዳደርን አጥብቆ የሚሻ ሥራ በአርሲ ደጋ የሞላ መሆኑ ነው። የብቅል ገብስን ብንወስድ፣ አሰላ ላይ የብቅል ፋብሪካ አለ፤ እንደ ጋለማና ሄጦሳ ያሉ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖችም በአካባቢው ይሠራሉ። ገብስ በውል የሚያመርት ገበሬ ዘርና ማዳበሪያ አስቀድሞ ወስዶ፣ አዝመራው ሲደርስ የገበያው ዋጋ ከውሉ በልጦ ቢያገኘው ለነጋዴ ይሸጣል። የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ ምን ያድርግ? ዋጋውን ቢያሻሽል ከገዢው ጋር የያዘው ስሌት ይዛባል፤ ገበሬውን ቢከስ የዩኒየኑን አባል ከሰሰ ማለት ነው፤ ዝም ቢል በሚቀጥለው ዓመት ውል የሚያከብር አይኖርም። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ድርጅት ለገበሬው በዱቤ ማዳበሪያ ሲሰጥና እህሉን ሲገዛ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የብድር፣ የዋጋና የመተማመን ጥያቄ በዚህ ምድር አለ። ከዚህ ዓይነት ውሳኔ ፊት የቆመ ሰው የፋይናንስና የግዥ ትምህርት ሲማር ሰኞ ጠዋት ይሠራበታል። ያልቆመበት ግን ለፈተና ያጠናዋል።

መዘዙ ከተማሪው ኪስ አልፎ ይሄዳል። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ላይ ነው። ፊዚክስና ሒሳብ የሚያስተምር ወጣት ሙያውን በሚያጠልቅ ማስተርስ ፋንታ ኤምቢኤ ሲማር ብዙውን ጊዜ ከክፍል መውጫ እያዘጋጀ ነው፤ ሲወጣ የሚጎድለው ተማሪው ነው። ሁለተኛው ቤተሰብ ላይ ነው፤ ለክፍያው በሬ ወይም ስንዴ የሸጠ ወላጅ የሚጠብቀው ሹመት ካልመጣ የወጣው ጥሪት አይመለስም። ሦስተኛው ዕውቀት ላይ ነው። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ለጥቂት ሠራተኞች መጠይቅ አስሞልተው «እርካታቸው በሥራቸው ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይላሉ። ከፊታቸው ያለው የገብስ ውል የሚመረምረው እየጠበቀ ይኖራል።

ያም ሆኖ «ቆይ» የሚለው ምክር ለሁሉም እኩል አይሠራም። ከወለደች በኋላ ቅዳሜና እሁዷን የሚያስለቅቅላት እንደማይኖር የምታውቅ ወጣት ሠራተኛ አሁን መማሯ ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ወጪውን ችሎለት የአገልግሎት ግዴታ የፈረመም እንዲሁ። የሱቅ ወይም የወፍጮ ቤት ሒሳብ ከልጅነቱ የያዘ የቤተሰብ ነጋዴ ደግሞ በዕድሜ ለጋ ቢሆንም በሥራ ለጋ አይደለም።

ለሌላው ግን ከመመዝገቡ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል፦ አሁን በእጄ የማስተዳድረው ሰው፣ ገንዘብ ወይም ዕቃ አለ ወይ? ከሌለ ዘንድሮ ከፍሎ በመማር ፋንታ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ መያዝ፣ የመጋዘን ኃላፊነት መጠየቅ፣ የራሱን ሙያ በአጭር ሥልጠና ማጠናከር። ትልቁ እርማት ግን ከወጣቱ አይጠበቅም። ዲግሪን በዓመታት የሚመነዝረው መሥፈርት የተጻፈው በሰው ኃይል አስተዳደር ቢሮዎች ነው፤ ማረም የሚችሉትም እነሱ ናቸው። ለኃላፊነት ቦታ የሚወዳደረው ሰው ምን እንደመራ፣ ስንት ሰው እንዳሠራና የትኛውን ችግር እንደፈታ ቢጠየቅና ይህም በነጥብ ቢያዝ፣ ማስተርሱ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ይህ እስካልሆነ ድረስ ወጣቱን «አትቸኩል» ማለት፣ የቸኮለው ሲሾም ቆሞ እንዲያይ መጠየቅ ነው።