ቢሮ የገባው አዲሱ ጸሐፊ፦ ኤአይ ፈረሱላን ያውቃል ወይ?

የዛሬው የቡና፣ የበቆሎና የነጭ ቦሎቄ ዋጋ ከላይ ተለጥፏል። ይሄኛው ጽሑፍ ስለ ዋጋ አይደለም፤ ኢሜይል በሚመልሱልን፣ ኢንቮይስና ደብዳቤ በሚያዘጋጁልን ልጆች ስልክ ውስጥ ስላለው ነገር ነው። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ትንንሽ የላኪና የነጋዴ ቢሮዎች ቻትጂፒቲን ወይም ጀሚናይን ሞክሮ የማያውቅ ወጣት ሠራተኛ ማግኘት እየከበደ ነው። አለቃው ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም። ጸሐፊዋም አትናገርም፤ "ታዲያ ደሞዙን ለማሽኑ እንክፈለው?" እንዳትባል።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። በድብቅ የተሠራን ነገር ማን ያርመዋል? ገዢው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው የሚታወቀው።

ይሄ የእኛ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከጎረቤት ኬንያ የመጣ ጥሩ ማስረጃ አለ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለመቶዎች የኬንያ ትንንሽ ነጋዴዎች በዋትሳፕ በኩል የሚያማክር ኤአይ ሰጧቸው። ገበያቸው ሲለካ በአማካይ የታየ ለውጥ የለም። ከፋፍለው ሲያዩት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ፦ ቀድሞም ጥሩ ሲሠሩ የነበሩት ከ15 በመቶ ያላነሰ አሻሻሉ፤ ቀድሞ የተዳከሙት ደግሞ በ8 በመቶ ገደማ ባሰባቸው። ምክሩ አንድ ዓይነት ነው። የተዳከሙት ግን ከበድ ያሉ ጥያቄዎችን ነበር የሚያቀርቡለት፤ መልሱን መዝኖ ይሄ ይሆናል፣ ይሄ አይሆንም ማለት ደግሞ ሌላ አቅም ይጠይቃል።

ከዚህ የወሰድኩት ይሄ ነው፦ መሣሪያው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲይዘው ይጠቅማል፣ የማያውቅ ሲይዘው ያከስራል። ስለዚህ ሠራተኛን ኤአይ ማስተማር ማለት መጀመሪያ ንግዱን ማስተማር ነው። ብዙ አለቆች ይሄንን ይዘሉታል።

በምሳሌ እንየው። ፈረሱላ እኛ ዘንድ 17 ኪሎ ነው፤ ይሄን የጎዳና ልጅም ያውቀዋል። ኤአይ ግን የተማረው ከመላው ዓለም ጽሑፍ ነው። የድሮው የዛንዚባር ፍራሲላ 35 ፓውንድ ነበር፣ 16 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ማሽኑ ሁለቱን ካደባለቀ ምን ይመጣል? አንድ ኮንቴነር ቡና 320 ጆንያ በ60 ኪሎ፣ በጠቅላላው 19,200 ኪሎ ነው። በ17 ሲካፈል 1,129 ፈረሱላ ይሆናል፤ በ16 ሲካፈል 1,200። ልዩነቱ ከ70 ፈረሱላ በላይ ነው። ለአቅራቢው በፈረሱላ ሒሳብ የሚከፍል ሰው፣ ሌባ መጋዘኑ ሳይገባ የ12 ኩንታል ቡና ገንዘብ አጣ ማለት ነው። ስሌቱ ደግሞ በሚያምር ሰንጠረዥ ተሠርቶ ነው የሚመጣው፤ ሰንጠረዥ ሲያምር ዓይን ይታለላል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። "መስከረም 2018" የተባለውን እንዳለ ወደ ፈረንጅ መስከረም 2018 ገልብጦ ውል ላይ ቢያስቀምጠው፣ ውሉ ዓመታት ወደ ኋላ ሄደ። "ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ይጫናል" የሚለውን ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓታችን አድርጎ ለገዢው ይጽፍለታል። በኤልሲ ለሚሠራ ሰው የመጫኛ ቀን ስህተት ቀልድ አይደለም፤ ባንክ ሰነዱን ሊመልሰው ይችላል።

የዕቃ ስምም አለ። ጀንፈልን በደፈናው "ቼሪ" ብሎ ካሳጠረው ከእሸቱ ጋር ይምታታል፤ የሁለቱን የዋጋ ልዩነት ለእናንተ አልነግራችሁም። የቦሰትና የአዳማ ዙሪያ ነጭ ቦሎቄም ገዢዎች የሚያውቁት የራሱ የእንግሊዝኛ ስም አለው። ማሽኑ ትልቁን ነጭ ባቄላ መሳይ ዓይነት ስም ከሰጠው ገዢው የሚጠብቀው ሌላ ዕቃ ነው። ናሙናው ሲደርሰው ጠቡ ይጀመራል።

ስለ ዕለት ዋጋ ሲጠየቅማ ተውት። እ.ኤ.አ. የካቲት 2025 ኒውዮርክ ላይ አረቢካ ፓውንዱ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ፣ የቆየ መረጃ የያዘ ማሽን ስለ 2 ዶላር ሊያወራ ይችል ነበር። ብሩም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። ኢንተርኔት ሳያይ ከጭንቅላቱ የሚመልስ መሣሪያ በየትኛው ዘመን ዋጋ እንደሚያሰላ በምን ታውቃላችሁ? ዋጋውን ከምርት ገበያው፣ ከባንኩና ከኒውዮርክ መዝጊያ ራሳችሁ አምጡና ስጡት። እሱ ያካፍል፣ ያባዛ። ያካፈለውንም በካልኩሌተር ድገሙት። (አንድ ፈረሱላ 37 ተኩል ፓውንድ ገደማ ስለሆነ፣ በ3 ዶላር ሒሳብ ፈረሱላው 112 ዶላር አካባቢ መምጣት አለበት። ይሄ ካልመጣ አንድ ነገር ተበላሽቷል።)

ታዲያ አይጠቅምም ወይ? በጣም ይጠቅማል እንጂ! እንግሊዝኛ ስለማይመቸው ብቻ የገዢን ኢሜይል ሦስት ቀን ሳይመልስ የሚያቆይ ቢሮ ስንት አለ? ኤአይ ያንን ደብዳቤ በደቂቃ ያረቅቃል። ገዢ የላከውን ረጅም ውል ስጡትና "ክርክር ቢነሳ የት ነው የሚዳኘው? የክብደት ጉድለት የማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁት፤ አንቀጹን አውጥቶ ያሳያችኋል፤ ከዚያ አንቀጹን ራሳችሁ ታነቡታላችሁ። የኤክሴል ቀመር ያስተካክላል። የእርጥበት ወይም የጥራት ቅሬታ ሲመጣ ሳይቆጡ የሚመልስ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በተናደደ ደላላ እጅ ከሚጻፈው ይሻላል፣ እኔን ጨምሮ። በእንግሊዝኛ ጎበዝ ነው፣ በአማርኛ መካከለኛ ነው፣ በአፋን ኦሮሞ ደግሞ ይበልጥ ይንገዳገዳል። ለገበሬው የሚሄድ የአፋን ኦሮሞ መልእክት የቋንቋው ተናጋሪ ጮክ ብሎ ሳያነበው አይውጣ። የግብርናው 8028 የስልክ መስመር እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጀምር ሰው የወደደው በራሱ ቋንቋ፣ በተራ ቀፎ ስለሰማው ነው።

ሥልጠናውን በተመለከተ፣ በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም አለ፤ ነፃ ነው፣ በኢንተርኔት ነው፣ የኤአይ መሠረታዊ ትምህርትም አለው። ሠራተኞቻችሁ ይውሰዱት። ግን ሰርተፊኬቱ የቢሮ ሥራ አያስተምርም፤ የፈረሱላውን ነገር እዚያ አታገኙትም። ያንን የሚያስተምረው የእናንተ ፋይል ነው። አምና የተዘጉ አሥር ሥራዎችን አውጡ፤ ውሉ፣ ደብዳቤው፣ ሒሳቡ መጨረሻው የታወቀ። ሠራተኛው እንደ አዲስ በኤአይ ይሥራቸውና ከእውነተኛው ጋር ጎን ለጎን ይታዩ። የት ላይ እንደሚስት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይታያል። ክረምት ላይ ገበያ ሲቀዘቅዝ ዩኒየኖች የመሠረታዊ ማኅበራቱን ጸሐፊዎች ሰብስበው ይሄን ቢያደርጉ ከአበል ሌላ ብዙ ወጪ የለውም። በወር 20 ዶላር የሚከፈልበትም ለጊዜው አያስፈልግም፤ ለደብዳቤ ነፃው ይበቃል።

ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘጋጅ፦ ፈረሱላ 17 ኪሎ፣ ኩንታል 100 ኪሎ፣ ጆንያ 60 ኪሎ፣ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሰዓቱ በእኛ፣ የዕቃዎቹ ስም በእንግሊዝኛ ይሄ ይሄ ነው። ሠራተኛው ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ያንን ይለጥፍለታል። ለሠራተኛውም በግልጽ ንገሩት፦ መጠቀም አይከለከልም፣ መደበቅ ነው የሚከለከለው። ቁጥር፣ ቀን ወይም ስም ያለበት ወረቀት ሁለተኛ ሰው ሳያየው ከቢሮ አይወጣም። አንድ የማውቀው ላኪ ቤት ያየው ሰው ጥግ ላይ ፊርማውን ያኖራል። ቀላል ነገር ነው፣ ግን የጸሐፊዋን ፍርሃት ቀንሶላታል፤ ስህተቱ የእሷ ብቻ አይደለምና።

አንድ ነገር ላይ ግን ጨክናችሁ ከልክሉ። የገዢ ዝርዝር፣ ያልተፈረመ ዋጋ፣ የገበሬ ስም፣ ስልክና የፋይዳ ቁጥር ነፃው ቻት ውስጥ አይገባም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የአባላቱን መረጃ የያዘ ዩኒየን ኃላፊነት አለበት። በተለይ አሁን የአውሮፓ የደን ጭፍጨፋ ሕግ ለቡና ማሳ መገኛ ነጥብ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነው ደግሞ ዙሪያውን። ሕጉ ሁለት ጊዜ ተገፍቶ ለትላልቆቹ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ወደ 2026 መጨረሻ ደርሷል። ጊዜው ሲያጥር "የጎደሉትን ነጥቦች ሙላልኝ" የሚል ሠራተኛ እንዳይመጣ እሰጋለሁ። ማሽኑ እምቢ ላይል ይችላል፤ ከአየር ላይ ቁጥር ፈጥሮ ይሞላዋል። ነጥቡ ሐይቅ ውስጥ ወይም ጥብቅ ደን ውስጥ ቢያርፍ የሚጠየቀው ማሽኑ አይደለም፣ ጭነቱ የሚታገደውም የአንድ ገበሬ ብቻ አይደለም። ማሳውን በእግር ሄዶ የሚለካ ልጅ እዚህ ላይ ምትክ የለውም።

የአንድ ገጹን ወረቀት ረቂቅ በዚህ ሳምንት እንለጥፋለን። መቂ፣ ባቱ፣ ቡልቡላና አርሲ ነገሌ ያላችሁ፣ በእናንተ ገበያ የጣሳና የቁና ልክ በኪሎ ስንት እንደሚይዝ ከነእህሉ ዓይነት በውስጥ መስመር ላኩልን፤ እንጨምረዋለን። የነገው ዋጋ እንደተለመደው ከመዝጊያው በኋላ።