ሹመት በነጋሪት

ኮልፌ አጣና ተራ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ ከፊቴ ያለው ሰውዬ የሚያስገለብጠውን አዋጅ አየሁት። አናቱ ላይ «ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ» ይላል። ስንት ጊዜ አንብቤ ያለፍኩት ስም ነው! ያን ቀን ግን ገረመኝ፤ ሕግ የሚታተምበት ወረቀት እንዴት በዜማ መሣሪያ ስም ይጠራል? መልሱ ጎንደር ቤተ መንግሥት ድረስ ይወስደናልና እስቲ ቡናችሁን ይዛችሁ ተከተሉኝ።

መጀመሪያ ነጋሪትን ከከበሮ እንለየው። ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ለንግሥ ስትሄዱ የምታዩት ከበሮ በሁለቱም ጫፉ ቆዳ ተወጥሮበት በእጅ የሚመታ ነው። ነጋሪት ግን እንደ ድስት ከታች ድፍን ነው፤ ቆዳው አፉ ላይ ብቻ ይወጠራል፣ የሚጎሰመውም በዱላ ነው። በጉዞ ጊዜ በበቅሎ ተጭኖ ከንጉሡ ፊት ይሄዳል። ስሙ «ነገረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነው፤ ነጋሪ፣ አሳዋቂ ማለት ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770፣ በዳግማዊ አፄ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ጎንደር ገባ። ንጉሡ ሲዘምት 45 ነጋሪት ከፊቱ እንደሚመታ ጽፏል። የኛ ሰው በትውፊት 44 ይላል። እኔን ከቁጥሩ በላይ የያዘኝ ግን ሌላ ነው፦ ንጉሡ አንድን ሰው አገረ ገዥ አድርጎ ሲሾመው ነጋሪትና ሰንደቅ ይሰጠዋል። ተሿሚው በነጋሪቱ ያስነገረው ቃል በግዛቱ ውስጥ ሕግ ይሆናል፤ የንጉሡ ነጋሪት ያሰማው ደግሞ በመላው አገር። አያችሁ? ነጋሪቱ ለበዓሉ ማድመቂያ የመጣ አልነበረም፤ ራሱ የሹመት ደብዳቤም ማኅተምም ነበር።

ነጋሪትን ከሥልጣን ጋር ማያያዝ የእኛ ብቻ አልነበረም። የኦቶማን ሱልጣንም ለሹማምንቱ ከበሮና ሰንደቅ ይሰጥ ነበር። በጀርመን ምድር ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፈርዲናንድ እ.ኤ.አ. በ1623 ለመለከት ነፊዎችና ለነጋሪት መቺዎች ማኅበር የተለየ መብት ሰጥቷል።

ነጋሪቱ ብቻውን አይወጣም፤ መለከትና እምቢልታ ይከተሉታል። ብሩስ ያየው መለከት ከሸምበቆ የተሠራ፣ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ረጅም መሣሪያ ነው። በጉዞ ላይ ቀስ ተብሎ ይነፋል፤ ጠላት ሲታይ ግን እየፈጠነ ይመጣና ወታደሩን እንደ እብድ ያደርገዋል ይላል። በአንዲት ድምፅ፣ በፍጥነቷ ብቻ!

እምቢልታው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የለውም፤ ስለዚህ አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ሁለት ድምፅ ቢሆን ነው። ዜማው የሚገኘው ሦስት ሰዎች ቁመታቸው የተለያየ እምቢልታ ይዘው፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየገባ ሲቀባበሉ ነው። ብቻውን ዜማውን መጫወት የሚችል የለም። ሦስት ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ አምጡና ውኃ አበላልጣችሁ ጨምሩባቸው፤ ከዚያ ሦስት ሆናችሁ ተራ በተራ ንፉ። መጀመሪያ ትዘበራረቃላችሁ፤ ተራችሁን መጠበቅ ስትለምዱ ግን ዜማው ከየት እንደመጣ ሳታውቁት ብቅ ይላል። ቤተ መንግሥቱ እነዚህን ነፊዎች ቀለብ ሰጥቶ ያኖራቸው የነበረው ለምን እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል፤ አንዱ ከጎደለ የንጉሡ ዜማ ይጎድላል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. መንግሥት የሕግ ጋዜጣ ማተም ሲጀምር «ነጋሪት ጋዜጣ» አለው። ሌላ ስም ቢሰጠው ኖሮ ገበሬው ምን እንደሆነ ባልገባው! ነጋሪትን ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሲጎሰም ሥራውን ጥሎ ይሰማል። በ1987 ዓ.ም. «ፌዴራል» የሚለው ሲጨመርም ነጋሪቱ ከስሙ አልወጣም፤ የዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 3 የፌዴራሉ ሕግ ሁሉ በዚሁ ጋዜጣ እንዲወጣ ይደነግጋል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ሰውዬው ገጾቹን አስተካክሎ በስቴፕለር ሲያስመታ፣ እኔ በቅሎዋን ከነጭነቷ እያየኋት ነበር።