ስሚዛ፣ ጉበትና የቤተ ሙከራ ምስክርነት

በቡልቡላና በአካባቢዋ ባሉ አጥቢያዎች ስለ ጤና በተወያየን ቁጥር፣ «የወፍ በሽታን ስሚዛ ያድነዋልን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በአማርኛ ስሚዛ ወይም ሰንሰል፣ በኦሮምኛ ዱሙጋ የሚባለው ይህ ተክል በብዙ ስፍራ የግቢ አጥር ነው። ቅጠሉን ጨምቆ ዓይኑ ቢጫ ለሆነ ሕመምተኛ ማጠጣትም ከአባቶች የተወረሰ ልማድ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ይህንኑ ልማድ ፈትሸውታል፤ በስሚዛና በቀጠጢና (የአህያ ጆሮ) ቅጠሎች ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። የፍተሻው መንገድ እንዲህ ነው። ካርቦን ቴትራክሎራይድ የተባለ ኬሚካል ወደ አይጥ ሰውነት ሲገባ፣ ጉበት ሊያስወግደው ሲሞክር ወደ ባሰ መርዝ ይለውጠዋል፤ መርዙም የጉበቱን ሕዋሳት ሽፋን ያፈርሳል። ያን ጊዜ በሕዋሳቱ ውስጥ የነበሩት ኤ.ኤስ.ቲ. እና ኤ.ኤል.ቲ. የተባሉ ኢንዛይሞች ወደ ደም ይፈስሳሉ። በሐኪም ቤት ለጉበት ምርመራ ደም ስንሰጥ የሚለኩትም እነዚሁ ናቸው። አስቀድሞ የቅጠሉ ጭማቂ በተሰጣቸው አይጦች ደም ውስጥ የኢንዛይሞቹ መጠን መርዙን ብቻ ከወሰዱት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ለአባቶች እውቀት ክብር ነው።

ነገር ግን አይጦቹ ቅጠሉን ያገኙት ከመርዙ በፊት ነው፤ የእኛ ሕመምተኛ የሚጠጣው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በኋላ ነው። የእነርሱ ተመዝኖ የተሰጠ ነው፤ የእኛ በኩባያ የሚገመት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቢጫነት ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፤ የጉበት ቫይረስ፣ የሐሞት ጠጠር፣ በስምጥ ሸለቆ ቆላ ደግሞ ወባ ሊያመጡት ይችላሉ። በሄፓታይተስ ኤ የተያዘ ብዙ ሰው ምንም ሳይጠጣ በሳምንታት ውስጥ ይድናል፤ ምስጋናው ግን ለቅጠሉ ይሆናል። በሄፓታይተስ ቢ የተያዘው ቢጫነቱ ሲለቀው የዳነ ይመስለዋል፤ ቫይረሱ ግን በአንዳንዱ ሰው ላይ ድምፁን አጥፍቶ ጉበቱን ለዓመታት ሊጎዳ ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ሁለተኛው ሰው ነው።

ዕፅ ሁሉ ለጉበት ወዳጅ እንዳልሆነም በአገራችን ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በጸዓዳ እምባ መንደር ብዙ ቤተሰብ በጉበት ሕመም ተጎድቶ ነበር፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም መርዝን መንሥኤ አድርጎ አመልክቷል።

እንግዲህ የሰበካ ጉባኤያት ዓይኑ የቢጫውን፣ ይልቁንም ነፍሰ ጡርን፣ ሕፃንንና አእምሮው የተደናገረውን ሰው፣ ቅጠል ቢጠጣም ባይጠጣም፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሸኙ እናሳስባለን። የጠጣውንም ለሐኪሙ ሳይሸሽግ ይንገር። መድኃኒት አዋቂ አባቶች ባሉበት አጥቢያም የተክሉ ስም፣ የሚወሰደው ክፍልና ልኩ በፈቃዳቸው በመዝገብ ቢሰፍር፣ ወደፊት ለሚፈትሹት ተመራማሪዎች መነሻ ይሆናል።