ያውቁ ኖሯል? የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲከብድ

እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ዛሬም በአገራችን በብዛት ይታዘዛል፤ ርካሽ ነውና። አዋቂን ያደነዝዛል፤ ልጅን ግን አንዳንዴ ቁንጥንጥ ያደርገዋል፣ ያኔ ጥፋቱ በልጁ ጠባይ ይሳበባል። ፌኒቶይን የተባለው ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ደግሞ ድድ ያሳብጣል (ጥርስን በደንብ ማጽዳት ያቀለዋል)። «ታዲያ ይህን ሁሉ ከምችል ለምን አልተወውም?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰውነት ግን ያታልላል። ፌኖባርቢታል በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 4 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ በድንገት ያቋረጠ ሰው ለቀናት ደህና ይመስላል፤ ከዚያ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል። መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስም ሆነ መድኃኒቱን መቀየር የሐኪም ሥራ ነው። መድኃኒቱን እየወሰዳችሁ ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዕለቱ ሂዱ።