ቤተ መቅደሱ ለምን ፈረሰ? ከኢየሩሳሌም እስከ ዝዋይ ደሴቶች የዘለቀ ጥያቄ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች። ታኅሣሥ ላይ የአንዳንዶቹ ርዕደ መሬት መጠን ከ5 በላይ ደረሰ፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብም ከቀዬው ተነሣ። በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ለተቀመጡት የሰሜን አርሲ ከተሞች፣ ለሲሬም ጭምር፣ ፈንታሌ ሩቅ አገር አይደለም። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 14 ቀን፣ ደብረ ዘይት ሆነ። የዐቢይ ጾም እኩሌታ በሆነው በዚህ እሑድ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ይነበባል። ጦርነት፣ ረኃብ፣ የምድር መናወጥ፣ ሁሉም እዚያ አለ። እንዲህ ባለ ዓመት ከቅዳሴ በኋላ በየደጀ ሰላሙ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ጊዜው ደረሰ ማለት ነው?

ምዕራፉ ግን የሚነሣው ከአንድ ሕንፃ ነው። ደቀ መዛሙርቱ የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ግንብ ለኢየሱስ ያሳዩታል፤ እሱም ከዚያ ሁሉ ድንጋይ በሌላው ላይ ተነባብሮ የሚቀር እንደማይኖር ይነግራቸዋል። ደብረ ዘይት ላይ ተቀምጦ ሳለ ብቻውን ቀርበው ሲጠይቁት ሁለት ነገር አጣመሩ፤ ይህ መቼ ይሆናል? የመምጣትህና የዓለም መጨረሻ ምልክቱስ ምንድን ነው? ከዚያን ቀን ወዲህ የሚካሄደው ክርክር አብዛኛው ሁለቱ ጥያቄዎች የት ላይ እንደሚለያዩ ለማወቅ የሚደረግ ነው።

የነደደው ሕንፃ

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በታሪክ ተመዝግቧል። ደቀ መዛሙርቱ ያደነቁት ከባቢሎን ምርኮ መልስ የተሠራውንና ንጉሥ ሄሮድስ ከ20 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ጀምሮ ያስፋፋውን ሁለተኛውን ቤተ መቅደስ ነበር። አድናቆታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ዛሬም በምዕራቡ ቅጥር ሥር ከሚታዩት ድንጋዮች አንዱ ብቻውን 13.6 ሜትር ገደማ ይረዝማል።

በ66 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አይሁድ በሮም ላይ ዐመፁ። ጦሩን የመራው ቬስፓስያን ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ወደ ሮም ሲመለስ ከበባውን ለልጁ ለጥጦስ ተወለት። በ70 ዓ.ም. ጸደይ ከተማዪቱ ተከበበች፤ በነሐሴ ቤተ መቅደሱ ነደደ። የሮም ወታደሮች ወርቀ መቅረዙን ተሸክመው ሲሄዱ የሚያሳየው ቅርጽ ሮም ከተማ ውስጥ በጥጦስ ቅስት ላይ አሁንም ይታያል። አይሁድ ለቤተ መቅደሳቸው ይከፍሉት የነበረው የሁለት ድራክማ ግብር ከዚያ በኋላ ለሮማውያኑ አምላክ ለጁፒተር ቤት እንዲከፈል ተደረገ።

የዓይን ምስክሩ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ (ፍላቪዮስ ዮሴፉስ) ከጦርነቱ አራት ዓመት በፊት ስለተነሣ ኢያሱ ወልደ ሐናንያ ስለሚባል ተራ ገበሬ ይተርካል። ሰውየው በዳስ በዓል መጥቶ በከተማዪቱና በቤተ መቅደሱ ላይ ወዮታ ማሰማት ጀመረ። ሹማምንቱ ይዘው ለሮማዊው ገዥ ለአልቢኖስ ሰጡት፤ አጥንቱ እስኪታይ ተገረፈ፤ ሌላ ቃል ግን አልወጣውም፤ እብድ ነው ተብሎ ተለቀቀ። ሰባት ዓመት ከአምስት ወር ከጮኸ በኋላ በከበባው ወቅት ከሮማውያን መወርወሪያ የተተኮሰ ድንጋይ ገደለው። ታሪኩ የሚያስረዳው አንድ ነገር አለ። የቤተ መቅደሱን ጥፋት መናገር በዚያ ዘመን በኢየሩሳሌም የተለመደ ባይሆንም እንግዳ ግን አልነበረም፤ የሚናገረውም ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር።

በቅጥሩ ደቡብ ምዕራብ ማዕዘን በተደረገ ቁፋሮ ከላይ ተገፍትረው የወደቁ ግዙፍ ድንጋዮች የሰባበሩት የሄሮድስ ዘመን ጎዳና ተገኝቷል፤ ክምሩም በወደቀበት ለጎብኚ ይታያል። ዛሬ አይሁድ የሚጸልዩበት የምዕራብ ቅጥር ለምን ቆመ የሚል ጥያቄም አብሮ ይነሣል። ቅጥሩ ሄሮድስ የኮረብታውን አናት ለማስፋት የሠራው የድጋፍ ግንብ ነው፤ የቤተ መቅደሱ ግድግዳ አይደለም።

ኤርምያስ ፍርድ ቤት ሲቀርብ

ትንቢቱ ከኢየሱስ ዘመን ስድስት መቶ ዓመት የሚበልጥ ቀዳሚ ታሪክ አለው። ሰሎሞን የሠራው የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ በ586 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በናቡከደነፆር ጦር ከመፍረሱ በፊት ኤርምያስ በደጁ ቆሞ ሕዝቡን አስጠንቅቆ ነበር። ሕዝቡ የሚመካው ይህ የእግዚአብሔር ቤት ነውና ማንም አይነካውም በሚል እምነት ነበር። ነቢዩ ደግሞ ድኻ አደጉንና መበለቲቱን እየገፋችሁ ሕንፃው አይጠብቃችሁም አላቸው።

ለዚህ ንግግሩ ሞት ይገባዋል ተብሎ ተከሰሰ። በምዕራፍ 26 ያለው የሙግቱ ታሪክ ለዛሬው ክርክርም ቁልፍ ነው። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው የቀደመ ፍርድ ጠቀሱ፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ነቢዩ ሚክያስ ጽዮን እንደ እርሻ ትታረሳለች ብሎ ነበር፤ ንጉሥ ሕዝቅያስ ግን አልገደለውም፤ ፈርቶ ለመነ፤ ጥፋቱም ቀረ። በሽማግሌዎቹ ዓይን ትንቢት ሰው እንዲመለስ የሚነገር ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሳይፈጸም ቢቀር ነቢዩን ሐሰተኛ አያደርገውም። ኤርምያስ በዚህ ዳነ። ያንኑ ቃል የተናገረው ኦርዮ ግን ወደ ግብፅ ሸሽቶ ሳለ ተይዞ መጣና በንጉሥ ኢዮአቄም ተገደለ።

ኢትዮጵያውያን ወደዚህ ታሪክ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ኤርምያስ ዳግመኛ ተይዞ ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ሲጣል ንጉሡን ደፍሮ የለመነለት የቤተ መንግሥቱ ጃንደረባ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነበር። ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው አሮጌ ጨርቅ አስታጥቆ ጎትቶ አወጣው። ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው ተረፈ ባሮክ ታሪኩን ይቀጥላል። አቤሜሌክ የከተማዪቱን ጥፋት እንዳያይ ኤርምያስ በለስ እንዲለቅም ወደ እርሻ ይልከዋል፤ ጥላ ሥር ጋደም ሲል እንቅልፍ ይወስደውና ከ66 ዓመት በኋላ ይነቃል፤ በለሱ ያኔ የተቆረጠ ይመስል ወተቱ ይንጠባጠብ ነበር። ይህን መጽሐፍ ከቅዱሳት መጻሕፍት የቆጠረች ቤተ ክርስቲያን ኢትዮጵያዊውን ከጥፋቱ የተሰወረ ምስክር አድርጋ ስታነብበው ኖራለች።

አንድ ፍርስራሽ፣ ሦስት ንባብ

ከ70 ዓ.ም. በኋላ አይሁድ ያለ መሥዋዕት እንዴት መኖር እንደሚቻል መወሰን ነበረባቸው። በታልሙድ እንደሚተረከው ረቢ ዮሐናን ቤን ዛካይ በሬሳ ሣጥን ተሸሽጎ ከተከበበችው ከተማ ወጣ፤ ከቬስፓስያንም ያቭኔን ከነሊቃውንቷ ለመነ። ጸሎትና ትምህርት የመሥዋዕቱን ቦታ የያዙት በዚያ መንገድ ነው። ሊቃውንቱ ራሳቸውን የጠየቁት ደግሞ ለምን ደረሰብን ብለው ነበር። የመጀመሪያው ቤት በጣዖት፣ በዝሙትና በደም መፍሰስ ፈረሰ፤ በሁለተኛው ዘመን ግን ሕዝቡ ሕግ ይማር ነበር፤ ታዲያ ምን አጠፋው? የሰጡት መልስ እርስ በርስ ያለ ምክንያት መጠላላት የሚል ነው። ዮሴፍም በጦርነቱ ትረካው ይህንኑ ያጠናክራል፤ ሮማውያን ቅጥሩን ሳይሰብሩ ከውስጥ የተቧደኑት ዐማፅያን እርስ በርስ ተገዳድለው፣ የከተማዪቱን የእህል ጎተራ አቃጥለው ነበር።

ክርስቲያኖች የቃሉን መፈጸም አዩበት። ሮማዊው ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ እ.ኤ.አ. በ363 ቤተ መቅደሱን መልሼ እሠራለሁ ብሎ ሲጀምር ሥራው ተሰናከለ፤ ክርስቲያን ያልነበረው ታሪክ ጸሐፊ አሚያኖስ እንኳ ከመሠረቱ አጠገብ እሳት እየፈነዳ ሠራተኞቹን እንዳቃጠለ ጽፏል። ዩልያኖስ በዚያው ዓመት ፋርስ ዘመቻ ላይ ሞተ። ለቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለገም።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት የአንድምታ ወግ ደግሞ አንድን ቃል በአንድ ፍቺ አያስረውም። የምዕራፍ 24 አንዱ ወገን በጥጦስ ዘመን የሆነው፣ ሌላው በኋለኛው ዘመን የሚሆነው እየተባለ ይተረጎማል። የጾሙ ሥርዓትም ያግዘዋል። ከደብረ ዘይት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የሚውለው እሑድ ምኩራብ ነው። በዚያ ቀን ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ኢየሱስ ነጋዴዎችን ከቤተ መቅደሱ ማስወጣቱ፣ ደግሞም ስለ ገዛ ሰውነቱ ሲናገር ይህን ቤት አፍርሱት፣ በሦስት ቀን አነሣዋለሁ ማለቱ ይነበባል። ምኩራብ ለምን ይፈርሳል የሚለውን፣ ደብረ ዘይት መቼ የሚለውን ይዘው ይመጣሉ።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአርሲ ዞን ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሆነው ሙስሊምም ጉዳዩን ያውቀዋል። የቁርኣን 17ኛ ምዕራፍ ሱረቱል ኢስራእ ከነቢዩ የሌሊት ጉዞ ወደ አል አቅሷ ተነሥቶ፣ የእስራኤል ልጆች በምድር ሁለት ጊዜ እንደሚያጠፉና ሁለት ጊዜ ጠላት እንደሚነሣባቸው ያወሳል። ብዙ የቁርኣን ተርጓሚዎች (ሙፈሲሮች) አንዱን ከባቢሎኑ ንጉሥ፣ ሌላውን ከሮማውያን ጋር ያያይዙታል። እዚያም ላይ ምክንያቱ የሰዎቹ ጥፋት ነው፤ ከተመለሱ ምሕረት እንዳለም ተነግሯል።

ባዶ የነበረው ቅድስተ ቅዱሳን

በኢትዮጵያ ትውፊት ግን ከሁሉ የሚቀድም ሌላ ነጥብ አለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ የተዘጋጀው ክብረ ነገሥት እንደሚለው ታቦተ ጽዮን ገና በሰሎሞን ዘመን ከቀዳማዊ ምኒልክና ከካህኑ ልጅ ከአዛርያስ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥታለች። በዚህ ንባብ ናቡከደነፆርም ጥጦስም ያቃጠሉት ክብሩ አስቀድሞ የወጣለትን ቤት ነው። ታሪክ ተመራማሪዎች የክብረ ነገሥትን ትረካ ከዛግዌ በኋላ ወደ ዙፋን የመጣው ሥርወ መንግሥት ሥልጣኑን ያጸናበት መጽሐፍ አድርገው ያጠኑታል። አንዱ ክፍሉ ግን ከውጭ ምስክርነት ጋር ይገጥማል፤ ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ታቦት አልነበረውም። ዮሴፍ ቅድስተ ቅዱሳኑ ውስጥ ምንም እንዳልነበረ ጽፏል፤ ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስም ጄኔራሉ ፖምፔ በ63 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ደፍሮ ሲገባ ባዶ እንዳገኘው ይናገራል።

ቅድስናን ከሕንፃው ይልቅ በሚንቀሳቀሰው ታቦት ላይ ያኖረ ሕዝብ፣ የራሱ ቤት ሲፈርስ የሚያደርገውን ያውቃል። ከአርሲ ደጋ ግርጌ በተዘረጋው የዝዋይ ሐይቅ ላይ፣ በቱሉ ጉዶ ደሴት፣ ደብረ ጽዮን የሚባል ገዳም አለ። በደሴቱ ትውፊት መሠረት በዮዲት ጉዲት ዘመን አክሱም ስትጠፋ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው እስከዚህ ሸሽተዋል፤ ሰላም ሲሆንም ወደ አክሱም መልሰዋታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሕመድ ግራኝ ጦርነት ጊዜም ደሴቶቹ የመጻሕፍትና የካህናት መሸሸጊያ ሆነዋል። ሐይቁን ተሻግሮ የደረሰው ቅርስ ምን ያህሉ ከየትኛው ዘመን እንደሆነ ሊቃውንት ይከራከራሉ። የደሴቶቹ ነዋሪ የሆነው የዛይ ሕዝብ ግን ታሪኩን የራሱ አድርጎ ይተርከዋል።

የኢየሩሳሌም ጥፋት ዝርዝርም በግእዝ ሲነበብ ኖሯል። ዜና አይሁድ ወይም ዮሴፍ ወልደ ኮሪዮን የሚባለው መጽሐፍ በ10ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ጣሊያን በዕብራይስጥ ከተጻፈው ዮሲጶን በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ የመጣ ነው። ግብፃዊው ሊቅ ሙራድ ካሚል እ.ኤ.አ. በ1938 የግእዙን ንባብ አሳትሞታል፤ በቤተ ክርስቲያኒቱ አንደኛው የመጻሕፍት ቆጠራም ከብሉያት ጋር ተደምሮ ይገኛል።

ሦስተኛው ቤትና ስግድ

ቦታው ዛሬም ባዶ አይደለም። ከ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የአለቱ ጉልላት በኮረብታው አናት ላይ ቆሟል፤ አጠገቡ የአል አቅሷ መስጊድ አለ፤ አስተዳደሩም በዮርዳኖስ በሚደገፈው የሙስሊሞች አስተዳደር፣ በወቅፍ እጅ ነው። የእስራኤል ዋና ረቢዎች ጽሕፈት ቤት አይሁድ በንጽሕና ጉዳይ ወደ ኮረብታው እንዳይወጡ ለረጅም ጊዜ ሲከለክል ቆይቷል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው የቤተ መቅደስ ተቋም ለሦስተኛው ቤት የሚሆን ንዋያተ ቅድሳት ያዘጋጃል፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ላይም በኦሪት ዘኍልቍ ለማንጻት የታዘዘችው ቀይ ጊደር ትሆናለች በሚል አምስት ጊደሮች ከቴክሳስ በአውሮፕላን እስራኤል ገቡ። ሦስተኛው ቤት ሳይሠራ የመጨረሻው ዘመን አይሟላም የሚለው ትምህርት በአሜሪካ ወንጌላውያን ዘንድ ተስፋፍቶ በኢትዮጵያም ሰሚ አግኝቷል። በጋዛ ጦርነት ወቅት በየማኅበራዊ መገናኛው ከተሰራጨው ስብከት ከዚህ የተቀዳ አለ። ምኩራብንና የሚክያስን ፍርድ የያዘ አንባቢ ግን ይህ የዘመን ስሌት ለምን ፈረሰ የሚለውን ጥያቄ እንደዘለለ ያስተውላል።

ክርክሩ ወደ ተግባር የወረደው በኢትዮጵያ አይሁድ፣ በቤተ እስራኤል ዘንድ ነው። ይህ ማኅበረሰብ በጎንደርና በአካባቢው ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ ሲጸልይ፣ በጾመ አብ ለቤተ መቅደሱ ጥፋት ሲያዝን፣ ከአስተስርዮ 50 ቀን በኋላም ተራራ ወጥቶ የስግድን በዓል ሲያከብር ኖሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አባ ማኅሪ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሥተው ብዙዎች በረኃብና በበሽታ በመንገድ አልቀዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ከ14 ሺሕ በላይ ሰዎች በሰሎሞን ዘመቻ እስራኤል ሲገቡ ደግሞ አዲስ ጥያቄ ተፈጠረ። ወደ ኢየሩሳሌም መልሰን ተብሎ የሚጸለይበት በዓል፣ ሰዎቹ ኢየሩሳሌም ከገቡ በኋላ ምን ይሆናል? አንዳንዶች ጸሎቱ ተሰምቷልና ይቅር አሉ። የማኅበረሰቡ ቄሶች ቤተ መቅደሱ ገና አልተሠራምና ይቀጥል ብለው ተከራከሩ፤ የጸናውም የእነሱ ሐሳብ ነው። የእስራኤል ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አደረገው፤ በየዓመቱም ቄሶቹ ባለ ጥለት ጃንጥላቸውን ዘርግተው የቀድሞውን ቤተ መቅደስ ቦታ ከሚያሳየው የደቡብ ኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ ኦሪትን በግእዝ ያነብባሉ።