የታሰበ ሐዲድ በአሮጌ ካርታ ላይ

በአሮጌ የባቡር ካርታ ላይ የተሠራው መንገድ ባልተቋረጠ መስመር፣ የታሰበው በተቆራረጠ መስመር ይሰመራል። ብዙ አንባቢ የተቆራረጠውን ከንቱ ምኞት ብሎ ያልፈዋል። በእኔ እምነት ግን የካርታው ዋና ቁም ነገር እዚያ ላይ ነው፤ ማን ምን ይፈልግ እንደነበር የሚታወቀው በእሱ ነውና። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ በፈቀዱት ውል፣ ባቡሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ሊዘልቅ ታስቦ ነበር። ሐዲዱ ግን ሐረርን ከነተራራዋ ትቶ በ1902 ድሬዳዋ ገባ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ሲሆን ከዚያ ወደ ምዕራብ አልተሻገረም። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን እርስ በርሳቸው ሲዋዋሉ ደግሞ ኤርትራንና የጣሊያን ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚያገናኝ ባቡር ለጣሊያን ታሰበ። አልተነጠፈም፤ ሆኖም የቅኝ ገዢዎቹን የድርሻ ክፍፍል ከዚህ መስመር ይበልጥ የሚያጋልጥ ነገር ጥቂት ነው። ካርታ ሠሪ ከካርታ ሠሪ ይገለብጣል የሚል ካለ፣ እውነቱን ነው፤ መስመሩን ከውሉ ጋር አስተያይቶ ማንበብ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

በሰሜን ሸዋ ያሉትን መንዝን፣ ግሼንና መርሐቤቴን ግን በእነዚህ ውሎች ውስጥ የሚፈልግ አያገኛቸውም። ምክንያቱ መልክዓ ምድሩ ነው ይባል ይሆናል። የጀማና የወንጪት ሸለቆዎች መርሐቤቴን ከጎረቤቶቿ ይቆርጧታል፤ የመንዝ ደጋም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በምሥራቅ በኩል በገደል ያበቃል። ይህ ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። ጣሊያኖች ከምጽዋ ተነሥተው ከ2,300 ሜትር በላይ በመውጣት በ1911 በባቡር አስመራ ገብተዋል፤ በወረራው ዘመንም ጣርማ በር ላይ ተራራውን ፈልፍለው የደሴን የመኪና መንገድ አሳልፈዋል። ገደሉን ለመድፈር ወጪ የተደረገው ከወደቡ ማዶ የሚፈለግ ከተማ ሲኖር ነው። የመንዝ ገብስና የበግ ጠጉር ያን ያህል አልተቆጠረላቸውም። ቀድሞም ከታጁራ የሚነሣው የሲራራ መንገድ ያበቃ የነበረው ከአንኮበር በታች፣ አልዩ አምባ ገበያ ላይ ነበር።

በእኛ ዘመን የተነደፈው የ392 ኪሎ ሜትር የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድም ከመንዝ ገደል በታች ያለውን ቆላ ተከትሎ በሸዋ ሮቢት በኩል ያልፋል። በካርታ ላይ ከመንዟ ከተማ ከመሐል ሜዳ ብዙም አይርቅም፤ መንገደኛው ግን በጣርማ በር ዞሮ፣ በደብረ ሲና ቁልቁለት ወርዶ ነው የሚደርስበት።