የሚናሬቱ ጌጥ በቀለም እንዳይደፈን

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋና ልጆች በእጃቸው የሚሠሩት ነገር ይፈልጋሉ። ከፕላስቲክና ከካርቶን የመስጂድ፣ የመርከብ ወይም የቤት ሞዴል መሥራት ከመልካሞቹ አንዱ ነው። የሰውና የእንስሳ ቅርጽን በተመለከተ በዑለማኦች ዘንድ ያለው ውይይት የታወቀ ነው፤ እነዚህን መሥራት ግን ከዚያ ክርክር ውጭ ነው።

ሞዴሉ ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ዋናው ቀለም እንዲይዝ አስቀድሞ የመሠረት ቀለም፣ ማለትም ፕራይመር፣ ይነፋበታል። የሳምንታት ልፋት በደቂቃ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የኢስታንቡሉን የሱልጣን አሕመድ መስጂድ እንውሰድ። ስድስት ቀጫጭን ሚናሬቶች አሉት፤ በየሚናሬቱም ወገብ ላይ ሰገነቶች ተቀርጸዋል። ወፍራም ቀለም አንዴ ከፈሰሰባቸው ጌጡ ተደፍኖ ሚናሬቱ ተራ እንጨት ይመስላል።

ስለዚህ ሞዴሉ በቅድሚያ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ታጥቦ ይድረቅ፤ የእጅ ቅባት ያለበት ቦታ ቀለም አይቀበልምና። ጣሳው ውስጥ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል መናጥ ያስፈልጋል። ርቀቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከዚህ ሲቀርብ ቀለሙ ይፈሳል፤ ሲርቅ ደግሞ አየር ላይ ደርቆ እንደ አሸዋ ይሻክራል። መንፋት የሚጀመረው ከሞዴሉ ጎን ካለው ባዶ ቦታ ነው፤ እጅ ሳይቆም ሞዴሉን አልፎ ባዶው ላይ ይለቀቃል። የመጀመሪያው ንፊት ሁሉንም መሸፈን የለበትም። ወጣቶቻችን የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው! ጣሳው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቆ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ይበልጣል።

የክረምቱ እርጥበት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ዝናብ እንዳባራ ከተነፋ ቀለሙ ሊያመዳይ ይችላል፤ ፀሐይ የወጣችበት ደረቅ ረፋድ ይጠበቅ። ለቴሌቪዥን ማሸጊያ በሚመጣው ነጭ ፎም የሠራችሁ ከሆነ በቀጥታ አትንፉበት፤ ፈሳሹ ፎሙን ይበላዋል። መጀመሪያ በውኃ የሚሟሟ ነጭ ኮላ ቀብታችሁ አድርቁት።

ወላጆች ሆይ፣ ይህ ሥራ በክፍል ውስጥ አይፈቀድ። ጋዙ ተቀጣጣይ ነውና ምድጃና ከሰል ካለበት ይራቅ፤ ትንንሽ ልጆችም አይቅረቡ። አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ጓንት ማድረግም ያስፈልጋል። ጓንቱ ለሌላም ይጠቅማል፤ ቆዳና ጥፍር ላይ የደረቀ ቀለም ውኃ ስለማያሳልፍ ከውዱእ በፊት መልቀቅ አለበት፤ ዙህር ደርሶ እጅ ሲፈትጉ መቆየት አድካሚ ነው።

ስለ ቀለሙ ምርጫ ብዙ አያስጨንቅም፤ ግራጫው ጉድለትን አጉልቶ ስለሚያሳይ ለጀማሪ ይመረጣል። ሲጨርሱ ጣሳውን ገልብጦ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ መጫን አፉ እንዳይደፈን ያደርጋል። ሞዴሉ ግን እስከ ማግስቱ ሳይነካ ይቆይ።